ጋሽ ከድርና የመሪ ማረጋጊያው

የጋሽ ከድር ልጅ ሙና የደወለችልኝ ወልቂጤ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ወለል ላይ በሆዴ ተኝቼ የክትባት ማቀዝቀዣ ጀርባ ስፈታ ነው። «ጋሽ መስፍን፣ አባዬ ወደ አኼራ ሄደ» አለችኝ። ድምጿ አልተሰበረም፤ የአባቷ ልጅ ናት። ቀጥላ፣ «ቀብሩ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው። ደግሞ እደርሳለሁ ብለህ እንዳትበር፤ ቢኖር ይቆጣህ ነበር» ብላ ዘጋችው።

አልበረርኩም። ዕቃዬን አራግፌ፣ ሞተሬ ላይ ወጥቼ በልኩ ነዳሁ። ቡታጅራ ስገባ ሰው ከቀብር እየተመለሰ ነበር። ለእሱ ስል አንድ ቀን እንኳ ብፈጥን ምን ነበረበት ብዬ በራሴ ተናደድኩ። ከዚያ ደግሞ ፈጥኜ ብወድቅ ኖሮ ከመቃብር ተነስቶ ይሰድበኝ ነበር ብዬ ተጽናናሁ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለቅስ አጠገቤ የነበሩ ሰውዬ «ዘመድህ ነው?» አሉኝ። «ደንበኛው ነኝ» አልኳቸው። ለመካኒኩ እንዲህ የሚነፋረቅ ደንበኛ አይተው አያውቁም መሰለኝ፣ ዞር ብለው ደግመው አዩኝ።

ጋሽ ከድር የሞተር ሳይክል መካኒክ ነበር። «ነበሩ» ማለት ይገባኝ ነበር፤ ግን አንቱ ሲሉት አይወድም። «አንቱ ስትለኝ ጉልበቴን ያመኛል» ይል ነበርና እንደለመደው ልተወው። ጋራዡ ከበርበሬ ተራው ጀርባ ነው። እዚያ ሲገባ መጀመሪያ የሚያስነጥስህ በርበሬው ነው፣ የቤንዚኑ ሽታ ቀጥሎ ይመጣል። እሱ ራሱ በወጣትነቱ በርበሬ ተራ ውስጥ መዛኝ ነበር። በኋላ ሞተር መጠገን ሲለምድ ሥራውን ለወጠ እንጂ ሚዛኑን አልተወም። ከጋራዡ አግዳሚ እንጨት ላይ አንድ ትልቅ ተንጠልጣይ ሚዛን፣ ጆንያ የሚሰቀልበት መንጠቆ ያለው፣ ዘወትር ተሰቅሎ ይታያል። ከተማው ሁሉ «ከድር ሚዛን» የሚለው በዚህ ነው።

ሞተርህን ይዘህ ስትሄድ ምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም። «አውርድ» ይላል። ምኑን ስትለው፣ «ሁሉንም»። ሳጥንህን፣ ቦርሳህን፣ ከወንበሩ በታች የሸጎጥከውን የዝናብ ልብስ ሳይቀር ያስወርድሃል። ከዚያ የግራውን ለብቻ፣ የቀኙን ለብቻ፣ የኋላውን ለብቻ ሚዛኑ ላይ እየሰቀለ ያነባል። ቁልፍ የሚያነሳው ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው። የቸኮለ ሰው እዚያ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ደሙ ይፈላል።

የኔም ፈልቷል። ከደብረ ማርቆስ መጥቼ እዚህ አገር በማቀዝቀዣ ጥገና ሥራ ከተቀጠርኩ ገና ወር ሳይሞላኝ ነው። ቢሮው የሰጠኝ ሞተር ነዳጅ ስቀንስለት መሪው እጄ ላይ ይርገፈገፋል። ጋሽ ከድር መፍቻዎቼንና መለዋወጫዎቼን መዘነና፣ «ግራህ አሥራ አንድ ኪሎ፣ ቀኝህ አራት። እንዲህ ተጣማችሁ ነው የምትሄዱት?» አለኝ።

«ሞተሩ ነው የተጣመመው» አልኩት ተናድጄ።

«ሁለታችሁም ናችሁ። አንተም ለማቃናት ወደ ቀኝ ጋደል ትላለህ። ና፣ ቁም እስቲ።»

ቆምኩ። እውነትም የቀኝ ትከሻዬ ወርዷል። ዕቃውን ለሁለቱ ጎን እኩል ከፋፍሎ፣ የፊቱን ጎማ ነፋ አድርጎ ላከኝ። መርገፍገፉ ቀረ። አንዲት ቡሎን እንኳ አላጠበቀም። በነጋታው ላመሰግነው ስሄድ «ምን ሠራሁና?» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። ያን ቀን ነው የወደድኩት።

ነጭ ኮፊያ ነበረው፣ እንኳን ለሰው ለሞተርም ስሜቱን የሚያሳብቅበት። ሲያስብ ወደ ግንባሩ ይስበዋል፣ ሲናደድ ወደ ማጅራቱ ይገፋዋል። እኛ ደንበኞቹ ገና ከበር ላይ ኮፊያውን አይተን መግባት ወይም መመለስ እንዳለብን እናውቃለን። ሥራውን ሲጨርስ ሞተርህን ወደ እንሴኖ በሚወስደው ሜዳ መንገድ ላይ ራሱ ይነዳውና፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን እጁን ከመሪው ለአፍታ ለቀቅ ያደርጋል። እኛ ይህን ብንሞክር ግን አለቀልን። ተመልሶ መጥቶ የነዳጅ ታንከሩን በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርግና «ሂድ፣ ሰላም ግባ» ይላል። ይህን ካለ ሞተሩ ደህና ነው፤ ካላለ አሁንም አንድ ነገር አለው ማለት ነው። ከቡታጅራ እስከ አገና የጤናውም የግብርናውም ሞተር ነጂ በዚህ ቃል ነበር መንገድ የሚወጣው።

አሁን ወደ ስታቢላይዘሩ ልምጣ።

እሁድ እሁድ ከአዲስ አበባ በትላልቅ ሞተሮች ወደ ደቡብ የሚወርዱ ሰዎች ቡታጅራ ላይ ቁርስ ይበላሉ። ከነሱ አንዱ ዮናታን የሚባል መሐንዲስ ነበር፤ የኔ እኩያ፣ ሳቂታ፣ ንግግሩ ሁሉ የአዲስ አበባ ልጆች ንግግር። ለረጅም መንገድ የተሠራች፣ ከኋላዋ ሦስት ሳጥን የተሸከመች ሞተር ነበረችው።

«ጋሼ፣ መቶ ስገባ መሪዋ ትጨፍርብኛለች» አለው። «ስታቢላይዘር አስመጥቻለሁ፣ እሱን ግጠምልኝ። አሪፍ ዕቃ ነው፤ ጀለሶቼ ሁሉ አስገጥመውታል።»

ስታቢላይዘር የሚሉት ከፋብሪካ ከሞተሩ ጋር አብሮ የማይመጣ፣ ባለቤቱ ኋላ ገዝቶ የሚያስገጥመው የመሪ ማረጋጊያ ነው። ዘይት ያለበት አጭር ዘንግ ነው። አንዱ ጫፉ ከመሪው፣ ሌላው ከሞተሩ አካል ጋር ይታሰርና መሪው በድንገት ግራ ቀኝ ሊወራጭ ሲል ያዝ ያደርገዋል። ጋሽ ከድር ዕቃውን ተቀብሎ ገለባበጠው፤ ኮፊያው ወደ ማጅራቱ ሄደ።

«ሞተርህ አሞኛል እያለህ ነው። አንተ አፉን የምታፍንበት ገዝተህ መጣህ። ይሄ የሰነፍ መካኒክ ሥራ ነው። አውርድ።»

ዮናታን እየሳቀ አወረደ። ከኋለኛው ሳጥን ድንኳን ወጣ፣ የጋዝ ምድጃ ወጣ፣ የመፍቻ መዓት ወጣ፣ በመጨረሻ ሙሉ ጀሪካን ውሃ ወጣ። ጋሽ ከድር ጀሪካኑን አይቶ፣ «ከዚህ አርባ ምንጭ ድረስ ውሃ የለም ያለህ ማነው?» አለው። ከባድ ከባዱን ወደ ፊትና ወደ ታች አወረደው። ቀጥሎ የፊት ጎማውን ከመሬት አንስቶ በሁለት እጁ ወዝወዝ ሲያደርገው የመሪው ኩሽኔታ ላልቶ ኖሮ ቋ ቋ አለ። አጠበቀውና ሰደደው። ዮናታን እንሴኖ ደርሶ ሲመለስ ፊቱ በርቶ፣ «ጋሼ፣ ጸጥ አለች እኮ!» እያለ ነው። ስታቢላይዘሩንም «ላንተ ይሁን» ብሎ ትቶለት ሄደ።

ጋሽ ከድር ዕቃውን ከሚዛኑ አጠገብ ምስማር ላይ ሰቀለው። ከዚያ በኋላ ስለ ስታቢላይዘር ለሚጠይቀው ሁሉ በአገጩ ያሳየዋል። «ያ? አይረባም።» ይህ ቃል በርበሬ ተራን አልፎ አገናም ወልቂጤም ገባ። «ከድር አይረባም ብሏል» ከተባለ ክርክር የለም። እኔም አንድ ክረምት ከአገና ቁልቁል ያለው ጠጠር አስቸግሮኝ ልግጠም ወይ ብዬው ነበር። «አንተ ጭነትህን እስከመዘንክ ድረስ አያስፈልግህም» አለኝ። እኔም እሺ ብዬ ተውኩት።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስናገር አሁንም ጆሮዬ ይግላል።

መስቀል ደርሶ ነበር። ባለቤቴ ሠናይት የቡታጅራ ልጅ ናት፤ ለበዓሉ እንግዳ ጠርታለች። እኔ ደግሞ የመጀመሪያውን ዓመት ቆጮ አንድ ጉርሻ መዋጥ ያቃተኝ ሰውዬ፣ ይኸው ጊዜ አልፎ ካልጠፋ ቆጮ የአገናው ካልሆነ የምል ሆኛለሁ። ሥራ አገና ወሰደኝ። ቀኑ ገበያ ነበር። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ አራት ትልልቅ ጥቅል ቆጮ ገዛሁና ከመፍቻ ሳጥኑ በላይ፣ ከኋላ ጎማው በስተኋላ፣ በላስቲክ ጠፍሬ አሰርኩት። በመንግሥት ሞተር የግል ዕቃ መጫን ክልክል ነው። ይህንን አውቃለሁ። የዝናብ ጃኬቴን ከላይ አለበስኩትና ወጣሁ።

አስፋልቱ ተቆርጦ ጠጠሩ የሚጀምርበት ቁልቁለት ላይ ስደርስ መሪው ቀለለኝ፤ ከዚያ መወራጨት ጀመረ። ደንግጬ ፍሬን ያዝኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሰማይና ጠጠር ነው። የግራ ክንዴና የትከሻዬ አጥንት ተሰበረ። የአካባቢው ሰዎች ሚኒባስ አስቁመው አታት ሆስፒታል አደረሱኝ። ቆጮው እዚያው ገደሉ አፋፍ ላይ ተበትኖ ቀረ። ያነሱኝ ሰዎች ተካፍለውት ከሆነ ይገባቸዋል።

ጋሽ ከድር በማግስቱ አታት ድረስ መጣ። ሲገባ የቢሮዬ ኃላፊም ሊጠይቀኝ መጥቶ አልጋዬ አጠገብ ቆሟል።

«አልሐምዱሊላህ። ጭንቅላትህ ደህና ነው?» አለኝ፣ ራስ ቅሌን እንደ ሐብሐብ መታ መታ እያደረገ።

«ደህና ነው፣ ጋሽ ከድር።»

«ምን ጭነህ ነበር?»

ኃላፊዬን አየሁት። «የሁልጊዜውን» አልኩ።

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።»

ኮፊያውን ወደ ግንባሩ ሳበው። አመነኝ። ስንት ዓመት ሚዛኑ ሥር ዕቃዬን አራግፌ ቆሜለት፣ ስለ ጭነት ይዋሸኛል ብሎ እንዴት ያስብ?

ቢሮው ኮሚቴ አቋቋመ። ጥፋቱ የኔ ሆኖ ከተገኘ ሥራዬም ያጠያይቃል። ሞተሩን ሲጠግን የኖረው ጋሽ ከድር ስለሆነ ወልቂጤ ድረስ ጠርተው ጠየቁት። ሊያመልጥ የሚችልበት መቶ ቀዳዳ ነበረው፤ መንገዱ ነው፣ ዝናቡ ነው፣ የአላህ ሥራ ነው ማለት ይችል ነበር። «ሞተሩ ደህና ነው» አላቸው። «ልጁም በልኩ ነው የጫነው። ስታቢላይዘር ልግጠም ብሎ ጠይቆኝ አያስፈልግህም ያልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።» ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ፈረመ፣ ሚኒባስ ተሳፍሮ ቤቱ ገባ። እኔ ነፃ ወጣሁ።

የቢሮው ሞተሮች በሙሉ ወደ ሌላ ጋራዥ ዞሩ። የሞተር ነጂዎቹ ቴሌግራም ላይ «ከድር ሚዛን ተሳሳተ» የሚል ወሬ ወጣ፤ ከሥሩ የሚስቅ ፊት ደረደሩበት። ያን ሳነብ ክንዴ በጀሶ ተጠቅልሎ ሠናይት ገንፎ ታጎርሰኛለች። ፊቴን ከማንኪያው አዞርኩ። «አመመህ?» ስትለኝ «አዎ» አልኳት። እሷም ቆጮ መግዛቴን አታውቅም ነበር፤ የወደቀ ባሏ በሕይወት መግባቱ ስለበቃት ስለ በዓሉ ያነሳ የለም።

ከአታት ስወጣ በየቀኑ ጋራዡ ደጃፍ መቀመጥ ያዝኩ። የሕመም ፈቃድ ላይ ነኝ፣ ሌላ የምሄድበትም የለኝ። አንድ ነገር ወዲያው አስተዋልኩ። ጋሽ ከድር ሞተር ይጠግናል፣ እንሴኖ መንገድ ላይ ይነዳል፣ ተመልሶ ቁልፉን ለባለቤቱ ይሰጣል። «ሂድ፣ ሰላም ግባ» ግን አይልም። ሰውም ትንሽ ቆሞ ይጠብቅና ሳይባል ይሄዳል። ሙና ጠየቀችው። «ልጁ ለምን እንደወደቀ ሳላውቅ ሌላውን ሰው በምን አፌ ሂድ እላለሁ?» አላት።

ከዚያ ሙከራ ጀመረ። የሱ ሞተር የኔው ዓይነት ናት። መፍቻዎቼን መዘነ። ቀጥሎ «ና» ብሎ እኔን ራሴን ጆንያ እንደሚሰቀል በጨርቅ ማንጠልጠያ አድርጎ ሚዛኑ ላይ ሰቀለኝ። በርበሬ ተራው በሙሉ ወጥቶ ሳቀብኝ። አነበበና፣ «ጀሶው አለበት» ብሎ ለጀሶው ገምቶ ቀነሰልኝ። እሱ ከኔ የሚቀለውን ያህል አሸዋ በከረጢት ሞልቶ ወንበሩ ላይ አስሮ ያንን ቁልቁለት ወረደ። ምንም። በሌላ ቀን ደግሞ ወረደ። ምንም። ጎማውን አለሰለሰ፣ አጠነከረ፣ ዝናብ ጠብቆ ሄደ። ምንም፣ ምንም። ስድሳ ዓመት የተጠጋ ሰው በሳምንት ሦስት ጊዜ ያንን አቀበት ወጥቶ ሲወርድ ከረመ።

እኔስ? እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ «እንዴት ነበር?» እያልኩ እጠይቀዋለሁ። ሰው ራሱን እንዲህ ሊጠላ እንደሚችል አላውቅም ነበር። በየቀኑ ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ እወጣና፣ ኮሚቴውን፣ ደሞዜን፣ የቤት ኪራዩን አስቤ አፌን እዘጋለሁ። ስድስት ሳምንት።

አንድ ከሰዓት በኋላ እያነከሰ ገባ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፣ ደም ይታያል። በልኩ ስነዳው የማይወራጭ ከሆነ ልጁ ፈጥኖ ይሆናል ብሎ፣ እሱም ፈጥኖ ሞክሮ ኩርባው ላይ ተንሸራቷል። ሙና ውሃ አምጥታ እያለቀሰች ትቆጣዋለች። «ተረፍኩ አይደል? ፍጥነትም አይደለም እንግዲህ» ይላታል እሱ፣ ጉልበቱን እያጠበ።

«ጋሽ ከድር» አልኩት። «ቆጮ ጭኜ ነበር።»

እጁ ጉልበቱ ላይ እንዳለ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። ሙናም አየችኝ።

«ስንት ኪሎ?» አለኝ።

ስድብ ነበር የጠበቅኩት። ውጣልኝ ይለኛል ብዬ ነበር። «አልመዘንኩትም» አልኩት።

ኮፊያው ያኔ ነው ወደ ማጅራቱ የሄደው፤ ሄዶም ወደቀ። «አልመዘንክም? ቆጮን የሚያህል ነገር ከኋላ ጎማ በስተኋላ አንጠልጥለህ፣ ያንን ቁልቁለት ስትወርድ፣ አልመዘንክም?»

ስድስት ሳምንት መዋሸቴን አንስቶ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ሙና ዓይኗን እየጠረገች ሳቋ መጣ። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሱ ግን ወዲያው ኮፊያውን አንስቶ ወደ ግንባሩ ስቦ፣ «ስንት ጥቅል? ከማን ገዛህ?» ማለት ጀምሯል።

በሚቀጥለው ገበያ ሚዛኑን በጆንያ ጠቅልሎ፣ ያን ምስማር ላይ የተሰቀለ ስታቢላይዘርም አውርዶ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ፣ እሱ በሞተር እኔ በሚኒባስ አገና ወጣን። ቆጮ የሸጠችልኝን ሴትዮ አገኘናት። ሚዛን ተሸክመን ስታየን ቆጣ አለች። «ምን ጎደለባችሁ?»

«ኧረ ምንም አልጎደለም እህቴ» አላት። «በዛብን እንጂ።»

እንደዚያን ቀኑ ያለ አራት ጥቅል አስመርጠን መዘንን። ሠላሳ አንድ ኪሎ። ጋሽ ከድር ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበ፣ ለራሱ ራሱን ነቀነቀ።

እኔ ጠጠሩ ላይ፣ የወደቅኩበት ቦታ ዳር ቆሜ ጠበቅኩ። መጀመሪያ ያለ ስታቢላይዘር ከነቆጮው ወረደ። ጠጠሩ ጋ ሲደርስ መሪው መወራጨት ሲጀምር ከሩቅ አየሁት። እሱ እንደኔ ፍሬን አልያዘም፤ ነዳጁን ቀስ ብሎ ቀነሰና ሞተሯ እየተንገዳገደች እፊቴ ቆመች። ፊቱ ነጥቷል። ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ሱብሓነላህ» አለ። «እዚህ ላይ ነው?»

«እዚህ ላይ ነው።»

ተነስቶ ያንን የተሰበረ ክንዴን በሁለት እጁ ያዘ። ረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም። አባቴ እንኳ እንደዚያ አድርጎ ይዞኝ አያውቅም።

ከዚያ ስታቢላይዘሩን አወጣ። ማሰሪያውን ጋራዥ እያለ በልኩ በይዶ አዘጋጅቶ ኖሯል። ገጠመውና ከነቆጮው ደግሞ ወረደ። መሪው ጸጥ አለ። ቆጮውን አውርዶ፣ በልኩ ጭነት ብቻ ወረደ። ፈታው፣ ያለሱ ወረደ። መልሶ አሰረው፣ ትንሽ አላልቶ ወረደ። እኔ ቁጥሩን ረሳሁ። «እንዴት ነው?» ስለው «ቆይ» ነው መልሱ። ጸሐይ ሲያዘቀዝቅ አበቃ። ቆጮውን ሞተሯ ላይ ልንጭነው ነው ብዬ ሳነሳ፣ «እሱ በሚኒባስ ይሄዳል» ብሎ ለኔ አሸከመኝ።

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ያለውን ሁሉ ተናገርኩ። ሞተሩን ነጠቁኝ፤ ለወራት በሚኒባስ ማቀዝቀዣ ስጠግን ከረምኩ። ማስጠንቀቂያውም ማኅደሬ ውስጥ አለ። ይገባኛል። ግን ይህ ብቻ አልበቃኝም። ጋሽ ከድር የተሰደበው በሰው ፊት ነው። ስለዚህ እሁድ ጠብቄ፣ የአዲስ አበባዎቹም የኛዎቹም ሞተር ነጂዎች ጋራዡ ደጃፍ ሲሰበሰቡ ተነስቼ ቆምኩ። ዮናታንም ነበር። ቆጮውን፣ ውሸቱን፣ ስድስቱን ሳምንት፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። 

 ዮናታን አጨበጨበና ሁሉም ተከተለው። «ይኸው! ጋሼ ድሮም አይሳሳትም!» አለ ዮናታን። «ዕቃውስ አይረባም አላለም ነበር?» አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቴሌግራሙ ላይ ሊጽፍ ጀመረ። ስሙ እዚያው ዓይናችን እያየ ተመለሰለት።  ዝም ብሎ ፈገግ ቢል ይበቃው ነበር።

ጋሽ ከድር እጁን አነሳ።

«ቆይ፣ አትጻፍ። እሱ የተሳሳተው በሠላሳ አንድ ኪሎ ነው። እኔ የተሳሳትኩት በሰባት ዓመት ነው። ይሄን ዕቃ ሰባት ዓመት ሙሉ አይረባም ስላችሁ አንድ ቀን አስሬ ነድቼው አላውቅም፤ ወላሂ አንድ ቀን። አሁን ነዳሁት። የላላ ኩሽኔታ አያድንም፣ የተዛባ ጭነት አያድንም። እንዲያውም ጥፋቱን ይደብቅባችኋልና ይሄን ፍሩ። አስፋልት ላይ፣ ጭነቱ ልክ ለሆነ ሰው፣ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው። ጠጠር ላይ ግን መሪውን ይይዛል፣ ክንድ ያሳርፋል። ቀኑን ሙሉ ጠጠር የምትነዱ ግጠሙት። ይረባል። ዮናታን፣ ያኔ በሰው ፊት የሰነፍ ሥራ ብዬህ ነበር። አውፍ በለኝ።»

ዮናታን «ኧረ ጋሼ…» አለ። ስልኩን ያወጣው ሰውም መልሶ ኪሱ ከተተው።

ይህን እንዲናገር ማንም አልጠየቀውም። ከሱ በቀር የሚያውቅም አልነበረም፤ ያን ቀን ቁልቁለቱ ላይ እኔ እንኳ «ቆይ» ብቻ ነው የሰማሁት። እኔ ሠላሳ አንድ ኪሎዬን አፍ አውጥቼ ለመናገር ስድስት ሳምንትና የአንድ ሽማግሌ ጉልበት ፈጀሁ። እሱ ሰባት ዓመቱን ለመናገር አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም።